ማን ሠራው?

ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት፣ ከጓዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ብስክሌት አለ። ጎማው ከተነፈሰ ዘመን አልፎታል፤ ኮርቻው ላይ ዶሮ ታድርበታለች። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ትክ ብዬ ሳየው ቆየሁና «ጋሼ፣ ይህን ብስክሌት ማን ሠራው?» አልኳቸው። ምንም አላመነቱም። «ያ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ያለው ልጅ ነዋ! ከሱ በፊት ደግሞ አባቱ ነበር የሚሠራልኝ።»

እኔ የጠየቅሁት ስለ ፋብሪካው ነበር። መምህሩ ጥያቄዬን ያልተረዱት መስሎኝ በሆዴ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳመላልሰው ግን ያልተረዳሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«ሰዓቴን አሠራሁት» ያለ ሰው ሰዓት አላስመረተም፤ አስጠግኗል። «ሬዲዮው ተሠራ» ማለት ዝም ብሎ የከረመው ሬዲዮ መናገር ጀመረ ማለት ነው። «መጠገን» የሚል ቃል አጥተን አይደለም፤ ቃሉ እያለን አፋችን ላይ የሚቀድመው «ሠራ» ነው። ይኸው ግስ ወደ ላይም ይወጣል። የጎንደሩን ግንብ ማን ሠራው ቢባል «አፄ ፋሲለደስ» እንላለን፤ ንጉሡ ድንጋይ እንዳልተሸከሙ፣ ኖራ እንዳላቦኩ እያወቅን። በደንቡ «አሠሩት» ማለት ነበረብን፤ «ሠሩት» ግን ይበቃናል። ያዘዘውም፣ የጠረበውም፣ የጠገነውም በአንድ ግስ ይስተናገዳሉ። ይህ የቋንቋ ስንፍና ነው ወይስ ስለ ነገሮች የተያዘ አቋም?

ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። ከመሪው ሥር፣ ግንባሩ ላይ፣ የደበዘዘች አርማ አለች። ሦስት ጠመንጃዎች አፈሙዝ ለአፈሙዝ ተደጋግፈው ቆመውባታል። የቢ.ኤስ.ኤ. አርማ ናት፤ የበርሚንግሃም የጦር መሣሪያ ኩባንያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የከተማዋ ጠመንጃ ሠሪዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት፣ የጠመንጃ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ብስክሌት ያዘነበለ ድርጅት ነው። ጠመንጃ የተቀረጸበት ብስክሌት መካነ ሰላም በምትባል ከተማ መገኘቱ አሳቀኝ። መምህሩ ግን አረሙኝ፤ «ጠመንጃ እንዲህ ተደጋግፎ የሚቆመው ወታደሩ ሲያርፍ ነው» አሉ።

የኋላውን ጎማ እምብርት በጨርቅ ስጠርገው ደግሞ ሌላ ምስክር ወጣ፤ «ስተርሚ አርቸር» የሚል ጽሑፍና «62» የሚል ቁጥር። ባለ ሦስት ማርሹ እምብርት የተመረተበት ዓመት እላዩ ላይ ይታተምበት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. 1962 መሆኑ ነው። ግን ይህ እምብርት የበርሚንግሃም አይደለም፤ የኖቲንግሃም ነው፣ የራሌይ ኩባንያ ቤተሰብ። ታሪኩ ያን ጊዜ የተገጣጠመልኝ መሰለኝ። ጠመንጃ ሠሪዎቹ የብስክሌት ሥራቸውን በ1957 ለራሌይ ሸጠዋል፤ ስሙና አርማውም አብሮ ሄዷል። በ1960 ራሌይ ራሱ ቲ.አይ. ከሚባለው የብረት ቱቦ ድርጅት የብስክሌት ክፍል ጋር ተዋሐደ። ሄርኩለስ፣ ፊሊፕስ፣ ራጅ፣ ሃምበር፣ ቢ.ኤስ.ኤ.፣ በአንድ ወቅት ገበያ ሲሻሙ የኖሩ ስሞች የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ። በ1962 ያን አርማ ይዞ የወጣ ብስክሌት፣ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ያልሠሩት የጠመንጃ ሠሪዎች ብስክሌት ነው።

«ራሌይ» የሚለውም ቢሆን የሠሪ ስም አይደለም፤ የጎዳና ስም ነው። በዚያ ጎዳና ላይ የነበረችውን ትንሽ የብስክሌት መሥሪያ ፍራንክ ቦውደን በ1888 ወደ ኩባንያ አሳደጋት። ሰውየው ሐኪም ለጤናው ባዘዘለት ፔዳል መምታት የተማረከ ባለገንዘብ እንጂ ብረት ሲሞርድ ያደገ አልነበረም። ፋሲለደስን አስታወሰኝ። የኖቲንግሃሙ ፋብሪካ በ2002 ተዘጋ። ስተርሚ አርቸር ከዚያ ቀድሞ፣ በ2000፣ ለታይዋን ኩባንያ ተሸጦ ነበር። የሦስቱ ጠመንጃዎች ስም ደግሞ በ1949 ማድራስ ላይ በተቋቋመ የብስክሌት ድርጅት በኩል ሕንድ ውስጥ መኖሩን ቀጠለ። «ሠሪውን አገኘሁት» ባልኩ ቁጥር ሠሪው ቤት ቀይሮ ይጠብቀኛል።

ይህን ሁሉ ለመምህሩ በኩራት ተረክኩላቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ኧረ አብሽር፣ የኋላውማ ጎማ ደሴ የገዛሁት ነው» አሉኝ። ደሴ ከመካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእኔ 1962 በአቀስታ በኩል፣ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ የሌላ ብስክሌት ልደት ኖሯል። የቀረኝ ተስፋ ከፔዳሉ ማዞሪያ ሥር የሚመታው የፍሬም ቁጥር ነበር። አወረድነው፣ ገለበጥነው። ቁጥሩ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ወፍራም የብየዳ ጠባሳ አለ። የበያጁ አባት የተሰነጠቀውን ሲደፍን በላዩ አልፎበታል።

ፍሬሙን ለኑሮ ያቆየው እጅ፣ ፍሬሙ ከየት እንደመጣ የሚናገረውን አፍ ዘጋው። ያ ብየዳ ባይኖር ኖሮ ቁጥር ያለበት ስብርባሪ ብረት ነበር የምንገለብጠው፤ ወይም ከነጭራሹ የምንገለብጠው አይኖርም ነበር። ታዲያ ይህን ብስክሌት፣ ይህን ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ማን ሠራው? የመምህሩ መልስ ከእኔ መልስ ይልቅ ማስረጃ ነበረው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሠሪ ነው ብለን እናልፋለን ማለት አይደለም። ሁሉም ሠሪ ከሆነ ተጠያቂ የለም። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሹካው ቢሰበር፣ ጥፋቱ የቱቦው ነው ወይስ የብየዳው? እዚህ ላይ ለጋሱ ግሳችን አይረዳንም፤ መለየት አለብን። ምስጋናን መጋራት ቀላል ነው፣ ጥፋትን ግን መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ መቁጠር ይጠይቃል። የፋብሪካው ቁጥር የሚያስፈልገኝም ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። የበያጁም ስም ለዚሁ ያስፈልገኛል።

እንዲህ ስል አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ግሳችን ለጋስ ቢሆንም እኛ ለጋስ አልነበርንም። የዚህ አገር ገበሬ ያረሰበትን ማረሻ የቀጠቀጠው ሰው ስም የት አለ? ቀጥቃጭ ብለን፣ ቡዳ ብለን፣ ከማዕዳችን አርቀን፣ በሠራው ብረት ግን እህላችንን በልተናል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ግድ ብሏቸው ነበር፤ በአዋጅ መከልከሉ ራሱ የስድቡን ስፋት ይናገራል። የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች አርማቸውን ግንባር ላይ መቱ። የእኛው ባለእጅ ስሙን ማረሻው ላይ ቢመታ ማን ይገዛው ነበር?

ከመመለሴ በፊት ወደ ብየዳ ቤቱ ጎራ አልኩ። ወጣቱ በያጅ አንድ የሞተር ብስክሌት ጎማ ከፍቶ ከመነዳሪ ይለጥፋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን እያለ ረዳቱን ያዛል። ብረቱ ከእንግሊዝ፣ ቃሉ ከጣሊያን፣ እጁ ከቦረና። ስለ ብስክሌቱ ስጠይቀው «እሱን አባቴ ነው የሠራው» አለኝ፤ እኔም የአባቱን ስም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ብስክሌት ካለ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጡት። ከፔዳሉ ሥር ቁጥር ካለ ጻፉ፤ ከጎኑም መጨረሻ የበየደውን ሰው ስም፣ ከነአባቱ፣ ጻፉ።