«ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ስለሚለው ተረት ትርጓሜ

ከአባቶቻችን በውርስ ከተቀበልናቸው ምሳሌያዊ ንግግሮች መካከል «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለውን ያህል በክፉ ቀን ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወር አይገኝም። መንገድ ሲዘጋ፥ የእህል ዋጋ ሲንር፥ ወደ ጦር ሜዳ የሄደ ልጅ ወሬው ሲጠፋ፥ ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ይህንኑ ይናገራል፤ የተቀመጡትም «እሱ ያውቃል» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነገር ግን በዚያው መደብ ላይ የተቀመጠ፥ ኑሮ ያማረረው ሌላ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ብሎ ቢመልስለት ማን ይፈርድበታል? ሁለቱም ተረቶች የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸውና፥ የፊተኛውን ሃይማኖት የኋለኛውን ክሕደት ብሎ በችኮላ ከመሰየም ይልቅ፥ ነገሩን በተፈጥሮ፥ በመጽሐፍና በታሪክ ሚዛን መመዘን ይገባል።

ከተፈጥሮ እንጀምር። ሌሊት በጥበቃ ያደረ ሰው እንደሚያውቀው፥ እኩለ ሌሊት ከንጋት ዋዜማ ይልቅ ይጨልም እንደሆን እንጂ አይበራም። ንጋት ሲቃረብ የሚበረታው ጨለማው ሳይሆን ብርዱ ነው፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስትሰጥ አድራ ባዶዋን የምትቀረው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነውና፥ በደጋው አገር ውርጭ የሚወርደው በዚያች ሰዓት ነው። ማሕሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፦ በእኩለ ሌሊት ከበሮው ሲመታ፥ ጸናጽሉም ሲያቃጭል ደሙ ይሞቃል፤ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ግን ጫማ ባወለቀ እግሩ የወለሉ ቅዝቃዜ እየወጣ ጉልበቱን ያብረከርከዋል፤ ሰውነቱን በመቋሚያው ላይ አሳርፎ፥ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ፥ የሚቀጥለውን ቃል ከጎኑ ከቆመው ወንድሙ አፍ ይቀበላል። እንግዲህ ምሳሌው የሚለካው የሰማዩን ጥቁረት ሳይሆን የሰውን ድካም ነው፤ ቀኑ ቀርቦ ሳለ ኃይል ማለቁን ነው የሚነግረን።

ወደ መጽሐፍ ስንሻገር ነገሩ ይጠብቃል። የባቢሎን ንጉሥ ይሁዳን በቀንበሩ ባዋለበት ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀንበሩ ተሰብሮ የተማረኩት እንደሚመለሱ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ተናገረ። ለተጨነቀ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ትንቢት አልነበረም፤ ነገር ግን ሐሰት ነበር። ኤርምያስ በአንጻሩ ምርኮው 70 ዓመት እንደሚቆይ ገልጦ፥ ለምርኮኞቹ ቤት ሠርተው፥ አትክልት ተክለው፥ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላምን እየለመኑ እንዲኖሩ ጻፈላቸው። ይህን በማለቱ ተስፋ አስቆራጭ ተባለ፤ ሆኖም ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ፥ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፥ ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት የነበረውን መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ብሩን በሚዛን መዘነ፥ ምስክሮችን አስፈረመ፥ የውሉንም ደብዳቤ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ጸሐፊውን ባሮክን አዘዘው። ጠላት የያዘውን መሬት ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው በገበያ አስተያየት ሞኝ ነው፤ በሃይማኖት ዓይን ግን የተስፋ ትርጓሜ ከዚህ ይልቅ ተገልጦ አይታይም። ሐናንያ ቀን ቆረጠ፥ ኤርምያስ ግን መሬት ገዛ፤ በሐሰተኛ ተስፋና በእውነተኛ ተስፋ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

የአገራችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ከተፈታ በኋላ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው፥ ዋና ከተማዋም ተይዛ ሳለ፥ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን «ወንበዴዎች» ብለው ሕዝቡ ለጣልያን እንዲገዛ ያውጁ ዘንድ ተጠየቁ፤ እርሳቸው ግን እንኳን ሕዝቡ ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዝተው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው አረፉ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ ሊባኖስ የደም ምድር ሆነ፤ የጣልያኑ ገዢ ግራዚያኒ ራሱ ለአለቆቹ ባስታወቀው ቁጥር እንኳ የተገደሉት መነኮሳትና ዲያቆናት ከ400 ይበልጣሉ። በአንጻሩ በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር ካይሮ ላይ የጵጵስና ማዕርግ የተቀበሉት አቡነ አብርሃም ከገዢው ጋር ተስማምተው በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ተባሉ። በዚያ ወራት ሁለቱን ጳጳሳት በሥጋዊ ጥበብ ያነጻጸረ ሰው፥ ነገሩን አስተውለው ያመዛዘኑት አቡነ አብርሃም ናቸው ማለቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማችን ዳግመኛ ተሰቀለ።

«እነሆ ነጋ፥ ምሳሌው ተፈጸመ» ብለን እንዳንዘጋው የሚከለክለን ግን አንድ ነገር አለ፤ አቡነ ጴጥሮስ ያን ንጋት አላዩትም። ከእርሳቸው ዕረፍት እስከ ነጻነት አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ጊዜ ነበር፤ ለታሪክ አጭር ነው፥ ለሟች ግን ዘላለም ነው። ከዚያም ወዲያ ሌላ ምሽት መጣ። በደርግ ዘመን ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲቀርብላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. በሥውር ተገደሉ፥ አፅማቸውም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነበር። በሥርዓተ እምነት የተለያዩትን ሁለት አባቶች አንድ ዘመን አንድ ዓይነት ሞት አቀመሳቸው። «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ማለት «አንተ ታየዋለህ» ማለት ከሆነ፥ ለእነዚህ ሰዎች ምሳሌው ሐሰት ሆኗል።

እንግዲህ ተረቱን እንጣለውን? አይደለም፤ ነገር ግን በሚገባው ቦታ እናስቀምጠው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ሌሊቱ ጉበኛውን የሚጠይቅ ድምፅ ይሰማል፤ የጉበኛውም መልስ ንጋትንም ሌሊትንም በአንድነት የያዘ ነው። ምሳሌያችን የንጋቱን ወሬ ይነግረናል እንጂ ከንጋቱ በኋላ ዳግመኛ እንደሚመሽ አይናገርም፤ ክርስቲያናዊ ተስፋ ግን ሁለቱንም አውቆ የሚቆም ነው። መሠረቱም የዘመን መለዋወጥ ሳይሆን ሞትን በሞቱ የሻረው የጌታ ትንሣኤ ስለሆነ፥ ሰማዕቱ ንጋቱን ሳያይ ቢሞት ተስፋው አልከሰረም እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋን ከመከራ ፊት አላስቀመጠውም፤ መከራና ትዕግሥት ካለፉ በኋላ የሚገኝ ፍሬ አደረገው እንጂ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ፌዘኛ የሚያፌዝበት ተስፋ ሥራ የሌለበት ተስፋ ነውና፥ በእርሱ ላይ ከሆነስ ፌዙ ተገቢ ነው፤ መሬት ለገዛው ለኤርምያስና ከመንጋው ላልተለየው እረኛ ግን አይደርስባቸውም።

ዛሬም ነገ ምን ይሆን ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ነው፤ ከቀየው የተፈናቀለ ገበሬ፥ ዲፕሎማውን ይዞ ለስደት የሚያሰላስል ወጣት፥ የልጇን ስልክ የምትጠብቅ እናት። ለእነዚህ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ብለን ሄደን ብንተኛ፥ ከሐናንያ አንሻልም፤ እርሱ እንኳ ቢያንስ ቀን ቆርጧል። ቃሉን መናገር የሚገባው ለተፈናቀለው ከጎተራው የሚያካፍል፥ ለወጣቱ አገሩ ላይ ሥራ የሚከፍት፥ ከእናቲቱም ጋር ቁጭ ብሎ የሚያመሽ ሰው ነው። ማሕሌቱን የቆመው ካህን ፀሐይዋን ማውጣት አይችልም፤ ነገር ግን ገና ድንግዝግዝ ሳለ ኪዳኑን ይጀምራል። ንጋቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ሌሊቱን ነቅቶ ማደር ግን የእኛ ግዴታ ነው።