የሰው መዝሙር

ፍስሐ ገነት ያደገ ሰው እሑድን በሁለት ድምፅ ያውቀዋል፤ በሌሊት ቅዳሴው፣ ረፋድ ላይ ደግሞ የቃለ ሕይወቶቹ ኪቦርድ።

እኛ ቤት ኦርቶዶክስ ነን። እናቴ ግን ቡና ስትቆላ የተስፋዬ ጋቢሶን መዝሙር ታንጎራጉራለች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ የጴንጤ ነው" ስላት፣ "ታዲያ እግዜርን አይደል እንዴ የሚጠራው?" ትለኛለች። ዘማሪው በደርግ ጊዜ ለእምነቱ ሰባት ዓመት ገደማ እንደታሰረ የሰማሁት በኋላ ነው።

የማላምንበትን ቤተ እምነት መዝሙር ብዘምር ዋሸሁ ማለት ነው? ለብዙ ጊዜ "አዎ" ስል ኖሬአለሁ። መስማት ሌላ ነው፤ የዘመረ አፍ ግን መስክሯል። "ሁሉም አንድ ነው" የሚሉ ሰዎች ዛሬም አይጥሙኝም። በቁርባን፣ በቅዱሳን ምልጃ ያለው ልዩነት የቀልድ አይደለም፤ ሰው ከቤተሰቡ ተለያይቶበታል።

የጓደኛዬ እናት ስታርፍ ግን ነገሩ ተበላሸብኝ። ቆጮ እያበላች ያሳደገችኝ ሴት ናት። መቃብሩ ጋ መዘምራኑ ያቺኑ የእናቴን የቡና መዝሙር ጀመሩ። ጓደኛዬ እጄን ይዞ እያለቀሰ ይዘምራል፤ ግጥሙን እንደማውቀው ያውቃል። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በፊት አባቴ ሲሞት ይሄው ልጅ ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆሟል፤ ሰው ሲሰግድ አብሮ ጎንበስ ብሏል። ዋሸ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አፌን የዘጋሁት ለእውነት ብዬ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከኋላዬ የአክስቴ ልጆች ቆመው ነበር።