የሞግዚቷ ሰዓት የማን ነው?



በየቤታችን ሲነገር የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ከኛ ጋር ሆና እያስተማርናት ነው» ይባላል። የሚባለውም ቀን ቀን ልጅ እየያዘች ማታ ማታ ኮሌጅ ስለምትሄድ ልጃገረድ ነው። አነጋገሩ መልካም ይመስላል፤ በብዙ ቤትም በቅን ልብ ይነገራል። ይሁንና በውስጡ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ አለ። ልጅቷ የምትማርበት ሰዓት አሠሪዎቿ የሰጧት ስጦታ ነው ወይስ ሠርታ ያገኘችው ሐቋ? ስጦታ ከሆነ ሰጪው ሲመቸው ይሰጣል፣ ሳይመቸው ይተዋል፤ ወቃሽ የለበትም። ሐቅ ከሆነ ግን የከለከላት ሰው የሰው ንብረት እንደያዘ ይቆጠራል። የኔ አቋም ሁለተኛው ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የተወለድኩት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዝናብ በሚያጥረው በዶዶታ ወረዳ፣ በደራ ከተማ ነው። ከደራ አዳማ ሩቅ አይደለም፤ የአዳማ ቤት ኪራይ ግን ለገበሬ ልጅ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቷ የቀረው መንገድ ሰው ቤት ገብቶ ልጅ እየያዙ መማር ነበር። እኔም ሦስት ዓመት በዚህ መልክ ኖሬያለሁ። ደላላው ፊት የተስማማነው ደሞዜ ከሌላው ልጅ ያዥ እንዲያንስና በምትኩ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ለትምህርት እንድወጣ ነበር። ልብ በሉ! የትምህርቱ ሰዓት ዋጋ አስቀድሞ ከደሞዜ ላይ ተቀንሷል። የተከፈለበት ነገር ደግሞ ስጦታ ተብሎ አይጠራም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤንነትና ሞራል እንዲጠብቅ አሠሪውን ያዛል። የሥራ ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን የሚደነግገው የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የቤት ሠራተኛን ጉዳይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲታይ ብሎ ያልፈዋል። ይኸው አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ እናት ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች፤ የሦስት ወር ሕፃን ግን ቢሮ አይገባም። እንግዲህ እናቲቱን ሥራዋ ላይ የምታቆማት ቤት የቀረችው ሌላዪቱ ሴት ነች። አዋጁ የመጀመሪያዋን ቀን ቆጥሮ ያርፋታል፤ የሁለተኛዋን ሰዓት የሚቆጥርላት የለም። በ2003 ዓ.ም. የዓለም ሥራ ድርጅት ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባታል ይላል። በአብዛኛው ቤታችን ግን ሕጉ የአሠሪው ህሊና ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩን የሥነ ምግባር ጥያቄ አድርጌ የማነሳው።

ለዚህ አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ላንሳ። በሁለተኛው ዓመት የማጠቃለያ ፈተናዬ ለ12 ሰዓት ተይዞ ነበር። ቀኑን ለእትዬ ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሬያታለሁ፤ እሷም በ11 ሰዓት እንደምትደርስ ቃል ገብታልኛለች። በዚያ ቀን የአሥር ወሩ ሕፃን ትኩሳት ያዘው። አባትየው ለሥራ ከከተማ ወጥቷል፤ እትዬም የሒሳብ መዝጊያ ይዟታል። ስልክ ብደውል «ትንሽ ጠብቂኝ» አለችኝ። የመጣችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ፈተናው አለፈ፤ ትምህርቱንም በሚቀጥለው ዓመት ከኪሴ ከፍዬ እንደገና ወሰድኩት። እትዬ «ምን አለበት፣ ዋናው የልጁ መዳን ነው» አለች። እውነት ነው፣ ልጁ ድኗል። ነገር ግን «ምን አለበት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልጁን ጥዬ መሄድ ነበረብኝ? በፍጹም። ሕፃን አማና ነው። ውሉን የፈረመው እሱ አይደለም፤ በትልልቆች ጥፋት እሱ ሊቀጣ አይገባም። ዛሬም ቢሆን ከዚያው አልጋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሸማኔው ደሞዙ ቢቀርበት ሸማውን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ግንበኛውም ግንቡን ጥሎ ይወርዳል። ልጅ የያዘች ሴት ግን የያዘችውን መሬት ላይ አስቀምጣ መውጣት አይቻላትም። ታማኝነቷ እጇን አስሮታል። እንግዲህ ሥራው ጥሎ የማይኬድ በሆነ መጠን የአሠሪውም ጥንቃቄ ሊበዛ ይገባል፤ የሠራተኛዋን ደግነት መያዣ አድርጎ በእሱ ላይ የራሱን ሰዓት የሚያረዝም ሰው ጉልበቷን ብቻ ሳይሆን ታማኝነቷንም ያለ ዋጋ ተጠቅሞበታል። እኔ መቅረቴ ግዴታዬ ነበር፤ መቅረቴ ያስከተለውን ኪሣራ መሸከም ግን የኔ ግዴታ አልነበረም። ቢያንስ የትምህርቱ ክፍያ የማን ዕዳ እንደሆነ ግልጽ ነው።

«እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። መልካም! እንግዲያው የገዛ ልጃችሁ ብትሆን ፈተናዋን እንድትተው ትጠይቋት ነበርን? ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ደሞዝ ሲነሣ ልጅ ትሆናለች፣ ዕረፍት ሲነሣ ሠራተኛ ትሆናለች። ከሁለት አንዱን መምረጥ ይገባል። ልጅ ከሆነች የልጅ ሐቅ፣ ሠራተኛ ከሆነች የሠራተኛ ሐቅ ይሰጣት።

ፍቅር ዋጋን እንደማይሽር ሃይማኖታችንም ያስተምረናል። በሱረቱ ጦላቅ የተፈታች እናት የገዛ ልጇን ብታጠባ እንኳ ዋጋዋ እንዲሰጣትና ነገሩ በመልካም ምክክር እንዲያልቅ ታዟል። ከእናት የበለጠ ልጅን የሚወድ ማን አለ? እሷ ዋጋ ከተገባት ለባዕድ ልጅ የምትነቃዋ እንዴት አይገባትም! ደግሞስ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) እናታቸው አሚና በአብዋእ ከሞተች በኋላ ወደ መካ ይዛ የተመለሰችው ሐበሻዪቱ በረካ፣ ኡሙ አይመን፣ አልነበረችምን? ነቢዩ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደ እናት አክብረዋታል፤ ልጇን ኡሳማን ገና በወጣትነቱ ታላላቅ ሰሓቦች ባሉበት ሠራዊት ላይ አዛዥ አድርገው ሾመውታል። ሞግዚት የነበረች ሴት ወገኗ ከፍ እንዲል መንገድ ተከፈተላት እንጂ አልተዘጋባትም።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «እኛም የመንግሥት ደሞዝተኞች ነን፤ ይህን ሁሉ ከጠየቃችሁ ሠራተኛ የሚይዝ አይገኝም፤ ልጆቹም ወደ ዓረብ አገር ይነጉዳሉ» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። እትዬም ብትሆን አለቃዋን «ልጄ ታሟል» ብላ ለመውጣት የምትፈራ ሴት ነበረች። ነገር ግን የምለምነው በአብዛኛው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የስምምነቱ ሰዓት በወረቀት ይጻፍ። የፈተናው ቀን ተርሙ ሲጀመር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በዚያ ቀን ልጁን የሚረከብ ሰው፣ አባትም ይሁን አያት ወይም ጎረቤት፣ አስቀድሞ ይታወቅ። ቀኑ ከተበላሸ የጠፋው ይተካ። ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሠራተኞች በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የተጻፈ ውል ጠይቋል። ለሩቅ አገር አሠሪ የጠየቅነውን ለራሳችን ሳሎን ማን ከለከለን?

እናንተም ልጅ እየያዛችሁ የምትማሩ እህቶቼ፣ ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው። ሕፃን ምድጃ አጠገብ እየዳኸ ደብተር ላይ ማቀርቀር አይቻልም። የተሻለ ደሞዝ ተገኘ ብሎ እናቲቱ ቢሮ ሳለች ሳይናገሩ ጥሎ መጥፋትም ክህደት ነው። ሐቁን የሚጠይቅ ሰው የሌላውን ሐቅ አስቀድሞ ይጠብቅ።

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ማታ ቤትህ ውስጥ ልጅህን ያስተኛችው ልጅ ነገ ፈተና እንዳላት ታውቃለህን? ካላወቅህ ጠይቃት። ስትመልስልህም በውለታ ጆሮ ሳይሆን በባለ ዕዳ ጆሮ ስማት።

ወሰላም።