መዝገብን በአንድ ዕቃ ስለ አለማመን

ምእመናን ሆይ፥ አንድ የደብር ጸሓፊ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይዞ በመርካቶ ወደሚገኝ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሄደ። የብዙ ዘመን የጥምቀት መዝገብ በእርሱ ብቻ ነበረና፥ ቀጭ ቀጭ እያለም ደጋግሞ አብርቶት ነበር። ጠጋኙም፦ «ድምፁን በሰማህ ጊዜ ማጥፋት ይገባህ ነበር» አለው። የሚያነበው ራስ ከጠጕር በሚቀጥን ክፍተት ከገጹ በላይ ይንሳፈፋልና፤ ወድቆ ሲነካው ይፍቀዋል፤ የተፋቀውንም የሚመልስ ባለሙያ የለም።

አባቶቻችን ብራናን ያቆዩልን በመቈለፍ ብቻ ሳይሆን በመገልበጥም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል።

እንግዲህ የመዝገብ ጠባቂዎች ሆይ፥ ነገ ለጋብቻው ማስረጃ የሚሻው ሕፃን ስሙን ለእናንተ አደራ ሰጥቷል። አንዱን ቅጂ በደብሩ፥ ሁለተኛውን በሌላ ስፍራ አኑሩ። ዲስኩ ቢንቀጫቀጭ ፈጥናችሁ አጥፉት፤ ለሚያውቅም አሳዩት።

የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው። ኅሊና ሲወቅሰን በበደላችን ብንቀጥል ቍስሉ ይሰፋል፤ ቆመን ወደ ንስሐ አባታችን ብንሄድ ግን እንድናለን። የተፋቀ ዲስክ አይመለስም፤ ንስሐ የገባ ሰው ግን ይመለሳል። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።