ጠንካራውና ታማኙ፦ በተገደበ ቪዛ ሥራ ለምትፈልጉ



ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ እንድንሰማራና ችሮታውን እንድንፈልግ ነግሮናል። ሥራ ፍለጋ ከዲናችን ውጭ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ ከጁሙዓ ሶላት ጎን ተጠቅሷል። ታዲያ መሰማራቱ የተገደበበት ሰውስ? «በዚህ አካባቢ ብቻ ሥራ፣ ከዚያ አትለፍ» በሚል ቪዛ የገባ ሰው ምን ያድርግ? የዛሬው ማስታወሻችን ስለ እሱ ነው።

የአውስትራሊያን ጉዳይ እንውሰድ። ከእናንተ ውስጥ እዚያ ያላችሁ አላችሁ፤ ለመሄድ ወረቀት የጀመራችሁም አላችሁ። ሀገሪቱ ከኖቬምበር 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 491 የሚባል የባለሙያዎች ቪዛ ትሰጣለች። በእኛ አነጋገር «የክፍለ ሀገር ቪዛ» ብንለው ይቀላል። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ባለቤቱ የሚኖረው፣ የሚሠራውና የሚማረው መንግሥት «ሪጅናል» ብሎ በሰየማቸው አካባቢዎች ብቻ ነው። ሲድኒ፣ ሜልበርንና ብሪዝበን አይፈቀዱለትም። ፐርዝ፣ አዴላይድ፣ ካንቤራ፣ ሆባርት፣ ዳርዊንና ሌሎች ብዙ ትናንሽ ከተሞች ግን ይፈቀዱለታል። ግዴታውን ጠብቆ ሦስት ዓመት የኖረና የሦስት ዓመት የግብር ማስረጃ ያለው ሰው 191 ለሚባለው ቋሚ ቪዛ ማመልከት ይችላል።

ቪዛውን ማግኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ሙያ ይመዘናል፣ እንግሊዝኛ ይፈተናል፣ ዕድሜና ልምድ በነጥብ ይሰላል። ዝቅተኛው ነጥብ 65 ነው። ስቴት ሲመርጠው ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ስፖንሰር ሲሆነው 15 ነጥብ ይጨመርለታል። ይህን ሁሉ አልፎ የደረሰ ሰው «አለቀ፣ ተገላገልኩ» ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ትግል ይጀምራል። ማመልከቻ ይልካል፤ «የአውስትራሊያ የሥራ ልምድ አለህ ወይ?» ይባላል። ሥራ ሳይሰጡት ልምዱን ከየት ያምጣው? አንዳንዱ ቀጣሪ 491 ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል ብቻ አይቶ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርጋል። አንዳንዱ የመንግሥት ሥራ ዜግነት ይጠይቃል። ለቪዛ የተደረገው የሙያ ምዘና በብዙ ሙያ የሥራ ፈቃድ አይሆንም፤ ኤሌክትሪሻኑ እዚያ ደርሶ እንደገና ላይሰንስ ማውጣት አለበት። የሚኖርባት ትንሽ ከተማ በሙያው አንድ ሁለት ክፍት ቦታ ቢኖራት ነው። ሜልበርን ብዙ ክፍት ቦታ አለ፤ እሱ ግን እዚያ መሥራት አይችልም። ማታ እናቱ ትደውላለች። «ሥራ ጀመርክ ወይ የኔ ልጅ?»

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህን ጭንቀት የሚያውቅ ነብይ አለ።

ነብዩሏህ ሙሳ (ዐ.ሰ) በፊርዐውን ቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ነበሩ። ሊገድሏቸው ሲመክሩባቸው ከግብፅ ወጥተው መድየን ገቡ። ዘመድ የለ፣ ስንቅ የለ፣ የሚያውቃቸው ሰው የለ። ታሪኩ በሱረቱል ቀሶስ ውስጥ ነው። ውኃው ዘንድ ሲደርሱ እረኞች እየተጋፉ መንጎቻቸውን ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች ግን በጎቻቸውን ይዘው ከዳር ቆመዋል። ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው። እረኞቹ ካልሄዱ ማጠጣት እንደማይችሉና አባታቸው ሽማግሌ መሆኑን ነገሯቸው። ሙሳ አጠጡላቸው። ዋጋ አልጠየቁም። ከዚያ ወደ ጥላው ዞር ብለው፣ ጌታቸው ከሚያወርደው መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን ለእሱ ብቻ ነገሩት።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ዱዓው መጣ። ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፤ ነገር ግን «መጀመሪያ የእኔ ጉዳይ ይለቅ» አላሉም። ሰበብ ማድረስና ተወኩል አብረው የሚሄዱት እንዲህ ነው። ዱዓው ሳይደርቅ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ እያፈረች መጣችና አባቷ ሊከፍላቸው እንደጠራቸው ነገረቻቸው። ሥራም፣ ቤትም፣ ትዳርም የተገኘው ከዚያች ቀን ነው።

ልጅቷ አባቷን እንዲቀጥራቸው ስትመክር ሁለት ነገር ጠቀሰች፦ ጥንካሬንና ታማኝነትን። ከሚቀጠር ሰው ሁሉ በላጩ ጠንካራና ታማኝ የሆነው ነው አለች። ስለ ዘራቸው አላነሳችም፤ የመድየን ልምድ አላቸው ወይ አላለችም። እኛም ዛሬ እነዚህን ሁለት ቃላት እንያዝ።

መጀመሪያ ጥንካሬው። በዘመናችን ጥንካሬ ማለት ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል። ሥራ እስክታገኝ ድረስ ያለውን ጊዜ በስልክ አትጨርሰው። ላይሰንስ የሚያስፈልገው ሙያ ከሆነ ፈተናውን አሁኑኑ ጀምር። የጎደለ አጭር ኮርስ ካለ ተማር። ቀጣሪው ቪዛህን ካላወቀ አንተ አስረዳው፤ አምስት ዓመት እንደሚቆይ፣ በዚያ አካባቢ ሙሉ የመሥራት መብት እንደሚሰጥህ፣ ከቀጣሪው ስፖንሰር እንደማያስፈልግ በሁለት መስመር ማመልከቻህ ላይ ጻፍለት። 491 ከአንድ ሪጅናል አካባቢ ወደ ሌላው መዛወር እንደሚፈቅድም አትርሳ። የአላህ ምድር ሰፊ ናት፤ ግዴታህ በሚፈቅደው ውስጥም ቢሆን ሰፊ ናት።

እስከዚያው ከዲግሪህ በታች ያለ ሐላል ሥራ ብታገኝ አትፈር። የቤተ መንግሥቱ ልጅ በመድየን በግ ጠብቀዋል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ለመካ ሰዎች በክፍያ በግ ይጠብቁ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚደረድር መሐንዲስ መሐንዲስነቱ አልጠፋም። የሚያሳፍረው ሐራም ነው፤ ላብ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ታማኝነት ነው፤ ፈተናው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ጓደኛ ይደውላል፦ «ና ሜልበርን፣ ሥራ አለ። አድራሻህን እዚያው አድርገው፤ ማን ያይሃል?» ሌላው ይመጣል፦ «የልምድ ደብዳቤ እኔ እሠራልሃለሁ።» ሦስተኛው በእጅ እየከፈለ ከግብር ውጭ ያሠራሃል። ሁሉም በርኅራኄ ቃል ነው የሚያወሩህ። በችግር ላይ ላለ ሰው እነዚህ ቃላት ይጣፍጣሉ።

ነገር ግን ወንድሜ፣ ቪዛው ውል ነው። ግዴታውን አንብበህ፣ ተስማምተህ፣ በእሱም ጥቅም አግኝተህ ገብተሃል። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ምእመናን ቃል ኪዳኖቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ውሉ ከሙስሊም ጋር ሲሆን ብቻ ሙላ አይልም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሙሽሪኮች ጋር የገቡትን ቃል እንኳ የጠበቁ ነበሩ። የሐሰት አድራሻ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ የሐሰት የልምድ ደብዳቤም እንዲሁ። በዱንያም ቢሆን ኪሳራው ቅርብ ነው፤ ግዴታ መጣስ ቪዛ ሊያሰርዝ ይችላል፣ ከግብር የተደበቀ ደመወዝም ለ191 በሚጠየቀው ማስረጃ ላይ አይታይም። ሦስት ዓመት ደክመህ በመጨረሻው በር ላይ ባዶ እጅህን ትቆማለህ።

ሙሳ (ዐ.ሰ) የፈረሙትን ውል አስታውሱ። ሽማግሌው ስምንት ዓመት እንዲያገለግሉት ጠየቀ፤ አሥር ቢያደርጉት በፈቃዳቸው ነው። በባዕድ አገር፣ በአንድ አካባቢ ታስሮ ስምንት ዓመት! ሙሳ ተስማሙና አላህን ምስክር አደረጉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የትኛውን ዘመን እንደፈጸሙ ሲጠየቁ፣ ረዥሙን ነው አሉ። የአላህ መልእክተኛ የሚሆን ሰው በረሃ ውስጥ በበግ ጥበቃ ዐሥር ዓመት ማሳለፉ ብክነት ይመስለናል። አላህ ዘንድ ግን ዝግጅት ነበር። መልእክተኛ ሆነው የተጠሩት ያን ዘመን ከፈጸሙ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይዘንጋ። ታማኝ ሁን ማለት ተበደል ማለት አይደለም። በዚያው ውል ሽማግሌው ሊያስቸግራቸው እንደማይፈልግ ቃል ገብቷል፤ ሙሳም ከሁለቱ ዘመናት የትኛውን ቢፈጽሙ በደል እንዳይደርስባቸው አስረግጠዋል። ውል ለሁለቱም ወገን ነው። ቪዛህን እያስፈራራ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች የሚከፍልህን ሰው ዝም ማለት ሶብር አይደለም። በአውስትራሊያ ሕግ ስደተኛ ሠራተኛ ከማንኛውም ሠራተኛ ጋር እኩል የሥራ መብት አለው፤ ፌር ወርክ ለሚባለው መሥሪያ ቤትም አቤት ማለት ይችላል። ከጁላይ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛን በቪዛው ተጠቅሞ ማስገደድ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መክፈል የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው። ቀጣሪው ሙስሊም ከሆነማ ተጠያቂነቱ ይብሳል።

በዚያ ምድር ከእናንተ በፊት ያለፉ ሙስሊሞችም አሉ። ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአፍጋኒስታንና ከዛሬዎቹ ፓኪስታንና ሕንድ አካባቢ ግመል ነጂዎች ወደ አውስትራሊያ ተወስደዋል። ባለሙያ ስደተኞች ነበሩ፤ በዚያ በረሃ ግመልን እንደነሱ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎቹ የገቡት በሦስት ዓመት ውል ነው። ውኃ፣ ሱፍና ምግብ ጭነው የቴሌግራፍና የባቡር መስመር ሠራተኞችን መገቡ። ብዙ ግፍ ደርሶባቸዋል፤ በ1901 የወጣው የስደተኞች ሕግም በር ዘግቶባቸዋል። ግን በ1888 እና 1889 አዴላይድ ላይ መስጂድ አቆሙ፤ ዛሬም ይሰገድበታል። በሪጅናል ቪዛ አዴላይድ የምትገባው ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ጁሙዓህን ልትሰግድ የምትችለው ውለኞች በሠሩት መስጂድ ውስጥ ነው። ስማቸውን አታውቀውም፤ አጅራቸው ግን አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ቀድማችሁ ለተደላደላችሁ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲሰደዱ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ሊሰጧቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን በረካውን ተመኝተው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። አዲስ የመጣ ወንድማችሁም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ገበያውን አሳዩት። ሲቪውን አርሙለት። የምታውቁት አለቃ ካለ ደውሉለት። ያላችሁት ሜልበርን ቢሆንም ስልካችሁ አዴላይድ ይደርሳል። የራሳችሁ ድርጅት ካላችሁ «የሀገር ውስጥ ልምድ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ለአንድ ሰው እንኳ አንሱለት፤ የመጀመሪያ ልምዱ ከእናንተ ይሁን።

አገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦችም አደራ። ልጃችሁ ሲደውል መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠይቁት። ገንዘቡ የዘገየው ስለረሳችሁ አይደለም። የእናንተ ግፊት ወደዚያ የሐሰት ደብዳቤ እንዳይገፋው ፍሩ፤ የእናንተ ዱዓ ደግሞ ወደ ሐላሉ በር ሊመራው ይችላል።

በመጨረሻ፣ ራሳችንን አንሸውድ። አላህ ለፈጠረው ነፍስ ሁሉ ሪዝቅን በራሱ ላይ አድርጓል፤ የተመኘነውን የሥራ መደብ በተመኘንበት ወር እሰጣለሁ ግን አላለንም። በሱረቱ ጦላቅ እንደተነገረን፣ አላህን ለሚፈራ ሰው መውጫ ያበጅለታል፣ ካላሰበው በኩልም ይሰጠዋል። ካላሰበው በኩል! አንተ ሜልበርንን እያየህ እሱ ከትንሿ ከተማ ሊያመጣው ይችላል። ቪዛ የአንተን እግር ይገድባል እንጂ የአላህን ችሮታ አይገድብም።

እንግዲህ ከዛሬ ጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ማመልከቻ ላክ፤ አንድ ሰው በነፃ እርዳ፤ ከዚያ ወደ ጥላህ ዞር ብለህ ፈላጊነትህን ለጌታህ ንገረው። ዛሬ ዱዓ ተቀባይነት የምታገኝበት ሰዓት ያለባት ቀን ናት።

ያ አላህ! በሩቅ አገር ሥራ ለሚፈልጉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሐላል በር ክፈትላቸው። በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃቸው። ጠንካራና ታማኝ አድርጋቸው። የእናቶቻቸውን ልብ በመልካም ዜና አሳርፍ። አሚን።

ይህን ማስታወሻ ሥራ እየፈለገ ላለ አንድ ሰው አድርሱት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።