የገጠር ልጅ ደረትና የድህነት «ካሣ»

እግዚአብሔር ድሃን በጤና ይክሰዋል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያጽናናል፤ የአስም ነገር ሲነሣ ደግሞ ሳይንስም የመሰከረለት ይመስላል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት ከ12 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናትንና አዋቂዎችን አካትቶ፣ አስምም ሆነ የደረት ማፏጨት ከከተማው ይልቅ በገጠሩ በጣም ጥቂት ሆኖ አግኝቶታል። ይበልጥ የሚገርመው ግን በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ፣ በዓይን ለማይታዩ ተባዮች ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች በገጠሩም መኖራቸው ነው፤ ልዩነቱ ቁጣው እንደ ከተማው ወደ ደረት አለመውረዱ ላይ ነው። እዚያው ጅማ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ፤ መንጠቆ ትል የበዛባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨቱ ነገር አነስተኛ ነበር።

ታዲያ ትሉ ካሣ ነውን? አይደለም። ትሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርደው እንዳይባረር ለራሱ ብሎ ነው። በጎጃም ከምትገኘው ማንኩሳ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በባዶ እግሩ በበርበሬ ማሳ የሚውል ልጅ ትሉ ከገባበት አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጠዋል፤ የልጁ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይደልቃል። ማታ ደግሞ የኩበት ጭስ ይጠብቀዋል። አስም ያልያዘው ልጅ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

እግዚአብሔር ከክፉ በጎ ያወጣ የለምን የሚል ይኖራል። ያወጣል። ዮሴፍ ተሽጦ ግብጽን ከረሃብ አድኗል፤ ከዚህ ተነሥቶ ወንድምን መሸጥ ደግ ነው ያለ መምህር ግን የለም። በጎው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ሽያጩ የወንድሞቹ ኃጢአት ሆኖ ይቀራል። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የማንኩሳዎቹን፣ የዋና ገጸ ባሕርዩን የበዛብህን ወላጆች ሲያሳየን ለልጃቸው ዕድሜ ሲሳሉ እንጂ ሕመሙን እንደ ጸጋ ሲቀበሉ አናይም። የአገሩ ሃይማኖት ይህ ነው፤ ለልጅ ሕይወት ይለመናል።

ትሉን አጥፍተን አስም እንዳንጠራ የሚለው ሥጋት ከዚህ ክርክር ይከብዳል፣ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን በእንግሊዝ ኖቲንግሃም አስም ያለባቸው ሰዎች ሆን ተብሎ ትሉ ተሰጥቷቸው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ጉልህ መሻሻል አላሳየም። ስለዚህ ለገጠሩ ልጅ ጫማውና የትል ክኒኑ ይድረሰው፤ ለፍኖተ ሰላም ከተማው አስመኛ ደግሞ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት። የአንዱን ልጅ ደም ማነስ በሌላው ትንፋሽ ማጠር ለማቻቻል ሥልጣን የሰጠን የለም።