ጥፋቱ የማን ነው?

በካዛንቺስ የሚኖር አንድ ሰው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የባሕር ዓሦችን አኖረ እንበል። ከእነርሱም ጋራ የባሕር ኮከብ ዘመድ የሆነውን፣ አምስት ቀጫጭን ክንዶች ያሉትን እንስሳ ጨመረበት። ሌሊት ከዓሦቹ አንዱ ቢበላ ጥፋቱ የማን ነው?

የዚህ እንስሳ ወገን 2,000 ያህል ዐይነት አለው። ብዙዎቹ ትርፍራፊ እየለቀሙ ስለሚኖሩ ዓሣ አይነኩም፤ እንዲያውም ሣጥኑን ያጸዳሉ። በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘው ትልቁ አረንጓዴ ዐይነት ግን ሰውነቱን በክንዶቹ ከፍ አድርጎ እንደ ድንኳን ይቆማል፤ ትንሽ ዓሣ መጠለያ መስሎት ሲገባ ክንዶቹን ጠምዝዞ ይይዘዋል።

አንጎል የሌለውን ፍጥረት በክፋት ልንከሰው አንችልም። «የተፈጥሮ ሕግ ነው» ብለንም ነገሩን ልንዘጋው አይገባንም። በባሕር ውስጥ ዓሣው የሚሸሽበት ስፋት አለው፤ በሣጥኑ ውስጥ ግን ማምለጫውን የነሣው ሰው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ጨዋማው ውሃ እንኳ በሰው እጅ የሚዘጋጅ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው የሰው ፈቃድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ማምለጫ የሌለውን ስፍራ ያዘጋጀ ሰው፣ በዚያ ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑ ግልጽ ይመስለናል። ተማሪዎችን በአንድ ክፍል፣ ሠራተኞችን በአንድ ቢሮ የምናስቀምጥ ሁሉ፣ ደካማው ሲጎዳ «የዚያኛው ጠባይ ነው» ከማለታችን አስቀድሞ፣ ማንን ከማን ጋራ እንዳስቀመጥን ራሳችንን እንጠይቅ።